የተዘረዘረው እኔ ነበርኩ

ይህችን አጭር ጽሑፍ እንዳቀርብ ያነሳሳኝ የልዩ ፍላጎት ትምህርት ኮርስ ስንወስድ የገጠመኝ ነገር ነው። መምህራችን የኦቲዝምን ምልክቶች ሰሌዳ ላይ ሲዘረዝሩ ጓደኞቼ ማስታወሻ ይይዛሉ፤ እኔ ግን እስክሪብቶዬን አስቀምጬ ቀረሁ። የተዘረዘረው እኔ ነበርኩ።

ኦቲዝም ሲባል የብዙዎቻችን ሐሳብ የሚሄደው አፍ ወዳልፈታ ሕፃን ነው። እ.ኤ.አ. በ1943 ሊዮ ካነር ስለ ጉዳዩ ሲጽፍም ያጠናው 11 ሕፃናትን ነበር። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው ዲ.ኤስ.ኤም. 5 የተባለው የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች መመሪያ ግን ቀድሞ አስፐርገር ይባል የነበረውንም ጨምሮ በአንድ ስም ጠቅልሎታል። መመሪያው የሚፈልገው ሁለት ነገር ነው፦ አንደኛው ከሰው ጋር በመግባባት ላይ የሚታይ ችግር ሲሆን፣ ሁለተኛው የሚደጋገም ወይም በጥቂት ነገር የተወሰነ ጠባይ ነው። ድምፅ፣ ብርሃን ወይም የምግብ ልስላሴ ከመጠን በላይ መረበሹም ከሁለተኛው ይቆጠራል። ምልክቱ ከልጅነት የጀመረ መሆን አለበት፤ ነገር ግን ኑሮ የሚጠይቀው ከሰውየው አቅም እስኪበልጥ ድረስ ተሸፍኖ ሊቆይ ይችላል። እኔን የያዘችኝ ይቺ የመጨረሻዋ ነጥብ ናት።

የእኔን ምን ሸፈነው? ጨዋነት ነዋ! እኛ ሰፈር ልጅ የትልቅ ሰው ዓይን ላይ አያፈጥም። እኔ ደግሞ የማንንም ዓይን ማየት ስለማልችል «እንዴት ያለ ጨዋ ልጅ ነው» እየተባልኩ አደግሁ። ጊፋታ ሲደርስ ግን ጭፈራው፣ ጩኸቱ፣ ቤቱ በዘመድ መሙላቱ አላስቀምጥ ይለኝና ጓሮ እንሰቱ መሃል ገብቼ እቀመጣለሁ። ሰው ዓመት ሙሉ የሚናፍቀው ሙቿ እንኳ ጉሮሮዬ ላይ ይቆማል። ታዲያ ዶርም ስገባ መደበቂያው እንሰት ጠፋ። በአንድ ክፍል ስንት ልጅ፣ ስንት ስልክ ይጮሃል! ሁለት ጊዜ ዊዝድሮዋል ለመሙላት ሬጅስትራር በር ላይ ደርሼ ተመልሻለሁ።

ከኮርሱ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2001 ሳይመን ባሮን ኮኸንና ባልደረቦቻቸው ካምብሪጅ ላይ ያዘጋጁትን ባለ 50 ጥያቄ መጠይቅ ሞላሁ። 32ና ከዚያ በላይ ያመጣ ቢመረመር ይመረጣል፤ እኔ 37 አመጣሁ። በርግጥ መጠይቁ ምርመራ አይደለም። ደግሞም አንዱ ጥያቄ ከቲያትር ቤትና ከሙዚየም ያማርጣል፤ ሁለቱም ውስጥ ገብቼ ለማላውቅ ለእኔ ምን ይባላል? የመኪና ታርጋ ታስተውላለህ ወይ ለሚለው ግን ማሰብ አላስፈለገኝም። የሰፈራችንን ባጃጆች ታርጋ በቃሌ አውቃለሁ።

ከዚያ ወደ አንድ ክሊኒክ ሄድኩ። ባለሙያው «ድምፅ ይሰማሃል?» አሉኝ። «አዎ፣ ሁልጊዜ» አልኩ። ጻፉት። እኔ የጄኔሬተሩንና የኮሪደሩን አምፖል ድምፅ ማለቴ ነበር! ሌላ ሰው የማይሰማው ድምፅ ማለታቸው እንደነበር የገባኝ መድኃኒቱን ይዤ ቤት ከገባሁ በኋላ ነው። ተመልሼ ለማስረዳት ሦስት ቀን ተለማመድኩ።

አዲስ አበባም ደወልኩ። በአገራችን ለኦቲዝም በር የከፈቱት ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ናቸው፤ በገዛ ልጃቸው ምክንያት እ.ኤ.አ. በ2002 ጆይ ማዕከልን መሠረቱ። ነህምያ የኦቲዝም ማዕከል ቀጥሎ መጣ። ሁለቱም የተቋቋሙት ለልጆች ነው፤ የ22 ዓመት ተማሪ የት ይሂድ? በመጨረሻ አንድ የሥነ አእምሮ ሐኪም ሊያዩኝ ፈቀዱ። ኦቲዝም በደም ወይም በራጅ ስለማይታወቅ ዋናው ማስረጃ የልጅነት ታሪክ ነው፤ «እናትህን ጠይቀህ ጽፈህ አምጣ» አሉኝ።

እናቴን የጠየቅኋት በወላይትኛ ነው፣ በሽታ የሚል ቃል ሳላነሳ። የአራት ዓመት ልጅ ሳለሁ በቆሎ ፍሬ በረድፍ በረድፍ እየደረደርኩ እንደምውል፣ ዶሮ ሲበትንብኝም እስኪመሽ እንደማለቅስ ነገረችኝ። ሁሉንም ጻፍኩ። ደብተሩን አየት አድርጋ፣

«ምን ሆነሃል? አባትህም እኮ እንዲሁ ነበር፤ ገበያ ስልከው ጎህ ሳይቀድ ደርሶ ሰው ሳይሞላ ነበር የሚመለሰው» አለች።

እሱንም ጻፍኩት። ቀጠሮዬ መስከረም ላይ ነው፣ ከጊፋታ በፊት።