ሁለት ደመና፣ አንድ መንገድ

የከፍተኛ ክፍል ተማሪዎቻችን ወደፊት ምን መማር እንደሚፈልጉ ስንጠይቃቸው «ክላውድ» የሚለው መልስ ከዓመት ወደ ዓመት እየበዛ መጥቷል። ወላጆችም ነገሩ ምን እንደሆነ ይጠይቁናል። ክላውድ ትርጉሙ ደመና ቢሆንም ሰማይ ላይ ያለ ነገር አይደለም፤ የሌላ ድርጅት ኮምፒውተር ነው። በሺህ የሚቆጠሩ ሰርቨሮች በአንድ ትልቅ ሕንፃ ተደርድረው፣ መብራትና ማቀዝቀዣ ተሟልቶላቸው፣ በተጠቀሙበት ልክ ሂሳብ ይከራያሉ። ይህን መረዳት አያስቸግርም። የሚያስቸግረው አንድ መሥሪያ ቤት ከሁለትና ከሦስት አከራዮች ተከራይቶ ሁሉንም በአንድ ኔትወርክ ማገናኘት ሲኖርበት ነው።

እዚህ ናይሮቢ ያለ አንድ ባንክ በሐሳባችን እንሥራ። የሂሳብ መዝገቡ በራሱ ሕንፃ ውስጥ ነው። ሠራተኞቹ ለኢሜይልና ለሰነድ ማይክሮሶፍትን ይጠቀማሉ። የሞባይል መተግበሪያው አማዞን ላይ ተሠርቷል። የጥናት ክፍሉ ደግሞ ጉግልን መርጧል። «ሦስት ክላውድ ይኑረን» ብሎ የወሰነ ሰው የለም፤ እያንዳንዱ ክፍል በየጊዜው የሚበጀውን ያዘ እንጂ። አንድ ቀን ግን መተግበሪያው የሂሳብ መዝገቡን መጠየቅ፣ ጥናት ክፍሉም ከሁለቱም መረጃ መቅዳት ይኖርበታል።

መጀመሪያ የሚገጥመው የአድራሻ ጉዳይ ነው። በኔትወርክ ላይ ያለ ኮምፒውተር ሁሉ አይፒ የሚባል የቁጥር አድራሻ አለው። በቀድሞው አሠራር ያሉት አድራሻዎች በጠቅላላው 4.3 ቢሊዮን ገደማ ብቻ ስለሆኑ፣ እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣው ደንብ ማንም በግቢው ውስጥ በነፃ የሚጠቀምባቸውን ሦስት ምድቦች ለይቶ አስቀመጠ፦ በ10 የሚጀምሩትን፣ ከ172.16 እስከ 172.31 ያሉትን፣ በ192.168 የሚጀምሩትን። የቤታችሁ ዋይፋይ ምናልባት በመጨረሻው ይጠቀማል፤ የጎረቤታችሁም እንዲሁ። ሁለቱ ቤቶች እስካልተገናኙ ድረስ ጉዳት የለውም። በባንኩ ግን ዋናው ሕንፃ በ10.0 ከጀመረ፣ ማይክሮሶፍት ላይ ያለውም በ10.0 ከጀመረ፣ በተገናኙበት ቀን ሁለት ቤት አንድ የቤት ቁጥር ይኖረዋል። እንግዳው የትኛውን በር ያንኳኳ? ከዚያ በኋላ አድራሻ መቀየር ማለት ሥራ ላይ ያለን አገልግሎት ማቋረጥ ነው። መሐል ላይ አድራሻ የሚተረጉም መሣሪያ ማስቀመጥም ይቻላል፤ ነገር ግን ብልሽት ሲፈጠር ማን ከማን ጋር ሲነጋገር እንደነበር ማወቅ ያዳግታል።

መፍትሔው የሂሳብ ክፍለ ጊዜ ሥራ ነው። በ10 የሚጀምሩት አድራሻዎች 16,777,216 ናቸው። ሁለተኛው ቁጥር ከ0 እስከ 255 ስለሚሄድ 256 ክፍል ይወጣቸዋል፤ ለእያንዳንዱ 65,536 አድራሻ ይደርሰዋል። ባንኩ ከ0 እስከ 63 ያለውን ለራሱ ሕንፃ፣ ከ64 እስከ 127 ለአማዞን፣ ከ128 እስከ 191 ለጉግል፣ ከ192 እስከ 255 ለማይክሮሶፍት ቢያከፋፍል፣ መንገድ የሚያሳየው መሣሪያ እያንዳንዱን ክላውድ በአንድ መስመር ብቻ ያውቀዋል። ጉግል ግን አውቶማቲክ በሚለው ምርጫ ከተተወ አድራሻ የሚያወጣው ከ10.128 እስከ 10.255 ካለው ክልል ነው፤ ማለትም ለማይክሮሶፍት በመደብነው ውስጥ ሊገባ ይችላል። ስለዚህ ክፍፍሉን አንድ ሰው በአንድ መዝገብ ይዞት፣ ማንም ክፍል ከመከራየቱ በፊት እሱን መጠየቅ አለበት። በእኔ ግምት ከማንኛውም ውድ መሣሪያ ይልቅ ይህ መዝገብ ይጠቅማል።

ቀጥሎ የቋንቋ ችግር አለ። እኛ «ሦስት ሰዓት» ስንል፣ ስዋሂሊ ተናጋሪም «ሳ ታቱ» ሲል፣ ጠዋት ከሆነ በእንግሊዝኛ አቆጣጠር ዘጠኝ ማለታችን ነው። ክላውዶችም በአንድ ቃል የተለያየ ነገር ይላሉ። አንድ የግል ኔትወርክ በአማዞንና በማይክሮሶፍት ዘንድ በአንድ ክልል ይወሰናል፤ በጉግል ዘንድ ግን ዓለምን ያካልላል። ሳብኔት የሚባለው የኔትወርክ ክፍልፋይ በአማዞን ከክልሉ ውስጥ በአንዱ ዞን ብቻ ይቀመጣል፤ በሁለቱ ግን ክልሉን በሙሉ ይሸፍናል። አማዞን በሰርቨሩ በር ላይ የሚያቆመው ዘብ «ይግባ» የሚል ዝርዝር ብቻ ይይዛል፤ በዝርዝሩ ያልተጻፈ አይገባም። የማይክሮሶፍቱ ግን «ይግባ» እና «አይግባ» የሚሉ ደንቦችን በቁጥር ቅደም ተከተል እያነበበ፣ መጀመሪያ የገጠመው ላይ ይቆማል። ከአንዱ ወደ ሌላው ደንብ እንዳለ የሚገለብጥ ሰው በሩን ሳያውቀው ከፍቶ ሊተወው ይችላል።

ርቀትን ደግሞ በገንዘብ ማስወገድ አይቻልም። ማይክሮሶፍት በ2019 በጆሃንስበርግና በኬፕታውን፣ አማዞን በ2020 በኬፕታውን፣ ጉግል በ2024 በጆሃንስበርግ ማዕከላቸውን ከፍተዋል። ከናይሮቢ እስከ ጆሃንስበርግ በአየር 2,900 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ብርሃን በፋይበር ውስጥ በሰከንድ ወደ 200,000 ኪሎ ሜትር ስለሚጓዝ ደርሶ መልስ ከ29 ሚሊ ሰከንድ በታች አይሆንም፤ ኬብሉ ስለሚዞር እንዲያውም ይበልጣል። መተግበሪያው አንድ ገጽ ለመክፈት የሂሳብ መዝገቡን ተራ በተራ 40 ጊዜ ከጠየቀ ከአንድ ሰከንድ በላይ በመንገድ ላይ ብቻ አለቀ። ገንዘብም ይከፈልበታል፦ መረጃ ወደ ክላውድ ሲገባ በአብዛኛው ነፃ ነው፤ ሲወጣ ግን ይቆጠራል።

ወላጆች «ሁለት ክላውድ ካለ አንዱ ቢበላሽ ሌላው አለ አይደለም ወይ?» ይላሉ። መንገዱ አንድ ከሆነ የለም። በግንቦት 2024 (12ኛው ቀን፣ እ.ኤ.አ.) ኢሲና ሲኮም የተባሉት ሁለት የባሕር ኬብሎች በደቡብ አፍሪካ ጠረፍ አቅራቢያ በአንድ ቀን ተበላሽተው የምሥራቅ አፍሪካ ኢንተርኔት ተዳከመ። ለጥንቃቄ ብሎ ከሁለት ኩባንያዎች መስመር የገዛ ድርጅት፣ ሁለቱም መስመሮች በዚያው ባሕር የሚያልፉ ከሆነ የገዛው ሁለት ደረሰኝ ነው። ስለዚህ ለሻጩ የሚቀርበው ጥያቄ «ስንት መስመር?» ሳይሆን «በየት በየት ያልፋል?» መሆን ይገባዋል።

ቁልፉም እንዲሁ ነው። በጥቅምት 4 ቀን 2021 (እ.ኤ.አ.) ፌስቡክ በገዛ ኔትወርኩ ጥገና ላይ በተሰጠ ትእዛዝ የተነሳ ለስድስት ሰዓት ያህል ከዓለም ተሰወረ። ባለሙያዎቹ የሚሠሩባቸው የውስጥ መሣሪያዎችም በዚያው ኔትወርክ ላይ ስለነበሩ ጥገናው ዘገየ። የባንካችን ሠራተኞች አማዞን ውስጥ የሚገቡት በማይክሮሶፍት የይለፍ ቃል ከሆነ፣ ወደ ማይክሮሶፍት የሚወስደው መንገድ በተቋረጠ ጊዜ የአማዞኑን ብልሽት የሚጠግን ሰው በር ላይ ይቆማል። ከዚህ መንገድ ውጭ የሚሠራ አንድ የመጠባበቂያ መግቢያ አስቀድሞ መዘጋጀትና በየጊዜው መሞከር አለበት።

ለ11ኛና ለ12ኛ ክፍል ተማሪዎች አንድ መልመጃ ልተው። ባንካችን አንድ ትንሽ ባንክ ገዛ እንበል። የተገዛው ባንክ 300 ኮምፒውተሮች አሉት፤ ሁሉም በ10.70 የሚጀምር አድራሻ ይዘዋል። ከላይ ባለው ክፍፍል ከማን ጋር ይጋጫል? አድራሻቸውን ትቀይራላችሁ ወይስ መሐል ላይ ተርጓሚ ታስቀምጣላችሁ? ምክንያታችሁን በአንድ ገጽ ጽፋችሁ ለአይሲቲ መምህራችሁ አስረክቡ።