ጋሻችንን አንጣል

ዛሬ ላነሳ የፈለግሁት «ፊት ያቀላል» እየተባለ ስለሚሸጠው ክሬም ነው። ነገሩ ለማንም አደገኛ ቢሆንም ለእኛ ለዋግ ኽምራ ደገኞች ይብሳል። ለምን? ሰቆጣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ትገኛለች። ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር ደግሞ ጎጂው የፀሐይ ጨረር 10 በመቶ ያህል ይበረታል። ይህን ጨረር የሚመክትልን ቆዳችንን ያጠቆረው ሜላኒን የተባለው ቀለም ነው። ክሬሙ የሚያሳሳው ታዲያ ይህንኑ ጋሻ ነው።

ጉዳቱ በዚህ አያበቃም። ከእነዚህ ቅባቶች አንዳንዱ ሜርኩሪ አለበት፤ ሜርኩሪ ኩላሊትን ይጎዳል፤ ከእናት ወደ ፅንስም ይተላለፋል። ሌላው ክሎቤታሶልን የመሰለ፣ በሐኪም ትዕዛዝ ብቻ ሊሰጥ የሚገባው መድኃኒት የተቀላቀለበት ነው። ለጥቂት ሳምንታት ፊትን ያሳምራል፤ ውሎ አድሮ ግን ቆዳን ያሳሳል፤ ብጉር ያወጣል።

እህቶቼ! ለደረቀ ቆዳ ቫዝሊን አለ፤ ለፀሐዩም ነጠላና ጥላ አለ። ክሬሙን የጀመረች ካለች ዕቃውን ይዛ ጤና ጣቢያ ትሂድ፤ በድንገት ማቆሙም ቆዳን ሊያስቆጣ ይችላልና። ለመቅላት ብለን ከፈጣሪ የተሰጠንን ጋሻ በገዛ ገንዘባችን አንጣል።