ስለ ዓይን ለመጻፍ ዝንብን ማወቅ

በጤና ጉዳይ ላይ መጻፍ የሚሻ ወጣት ምን ልማር ብሎ ሲጠይቀኝ የኅብረተሰብ ጤናን ከሥነ ምህዳር ጋር አጣምሮ እንዲማር እመክረዋለሁ። ለምን እንደምል ለማስረዳት በደቡብ ጎንደር ካለችው የደራ ከተማ ከአንበሳሜ አካባቢ አልርቅም። የደራ ሰው፣ እንደ እስቴና እንደ ደብረ ታቦር ሰው ሁሉ፣ ትራኮማን ከመጽሐፍ ሳይሆን ከእናቱና ከአያቱ ዓይን ያውቀዋል።

በሽታውን የሚያመጣው ክላሚዲያ ትራኮማቲስ የተባለ ባክቴሪያ ነው። አንዴ ቢይዝ ያን ያህል አይጎዳም፤ ጉዳቱ ከመደጋገም ይመጣል። በልጅነት ደጋግሞ የተያዘ ሰው የዓይኑ ቆብ ከውስጥ በኩል እየቆሰለ ጠባሳ ያበጃል። ከብዙ ዓመት በኋላ ጠባሳው ቆቡን ወደ ውስጥ ያጥፈዋል፤ ሽፋሽፍቱም ብሌኑን መቧጠጥ ይጀምራል። ብዙ እናቶች ፀጉሩን በወረንጦ ይነቅሉታል፤ መልሶ ሲበቅል ግን እንደ መርፌ ይወጋል። በዚህ በሽታ በብዛት የሚታወሩት ከወንዶች ይልቅ ሴቶች ናቸው፤ የታመመ ሕፃን ዓይን የሚጠርጉት፣ ከሕፃን ጋር የሚተኙት እነሱ ስለሆኑ ነው።

እስከዚህ ድረስ ሐኪሙ ይነግረናል። ባክቴሪያው ግን ከአንዱ ሕፃን ወደ ሌላው እንዴት ይሻገራል? በእጅ፣ በነጠላ ጫፍ፣ በጋራ መኝታ ይሻገራል። በዝንብም ይሻገራል፤ ይህች ዝንብ ደግሞ ከምግብ ላይ የምናባርራት የቤት ዝንብ አይደለችም። ሳይንስ ሙስካ ሶርበንስ ይላታል። ሴቷ ዝንብ እንቁላል ለመሥራት ፕሮቲን ትፈልጋለች፤ ከዓይናርና ከንፍጥ ታገኘዋለች። እንቁላሏን የምትጥለው በይበልጥ ሜዳ ላይ በተተወ የሰው ዓይነ ምድር ላይ ነው። በጉድጓድ መፀዳጃ ቤት ውስጥ ግን አትራባም። የሰፈር ሽንት ቤት ዝንብ ያፈላል የሚለው ፍርሃት ለዚች ዝንብ አይሠራም ማለት ነው፤ እንዲያውም ሽንት ቤቱ የምትራባበትን ቦታ ይነጥቃታል። ይህን ዕውቀት የምናገኘው ከዝንቧ ኑሮ እንጂ ከመድኃኒት መጽሐፍ አይደለም።

ጋምቢያ ውስጥ ፖል ኢመርሰንና ባልደረቦቹ ይህን ፈትነው እ.ኤ.አ. በ2004 ውጤቱን አሳትመዋል። ፀረ ተባይ በተረጨባቸው መንደሮች ሕፃናት ዓይን ላይ የሚያርፉት እነዚህ ዝንቦች በ88 በመቶ፣ መፀዳጃ ቤት በተሠራባቸው ደግሞ በ30 በመቶ ቀነሱ። ርጭት ውድ ነው፤ ዘላቂም አይደለም። መፀዳጃ ቤት ግን ገበሬው ራሱ ቆፍሮ የሚሠራው ነው። ስለዚህ ለእኔ ትልቁ ቁጥር 30ው ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት ስልት አራት ነገር ያጣምራል፤ ቀዶ ሕክምና፣ መድኃኒት፣ የፊት ንጽሕናና የአካባቢ ለውጥ። በአማራ ክልል በካርተር ማዕከል ድጋፍ ዚትሮማክስ የተባለው መድኃኒት ለሚሊዮኖች በዘመቻ ሲታደል ቆይቷል። መድኃኒቱ ብዙ ጠቅሟል። በሽታው ክፉኛ በሠረፀባቸው ወረዳዎች ግን እደላው ሲቆም ኢንፌክሽኑ ተመልሶ ይመጣል፤ ዝንቧ፣ የውኃ እጥረቱና የሕፃኑ ያልታጠበ ፊት እዚያው ናቸውና።

እዚህ ላይ አንድ የማይመች እውነት አለ። በዋግ ኽምራ የውኃ፣ የሳሙናና የመፀዳጃ ቤት ሥራ ለሦስት ዓመት ተሠርቶ ተለካ፤ እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው ውጤት በሕፃናት ዓይን ያለው ኢንፌክሽን እንዳልቀነሰ አሳየ። ይህ ውኃና ንጽሕና ከንቱ ናቸው ማለት አይመስለኝም። የውኃ ቦኖ ቀረበ ማለት ፊት ታጠበ ማለት አይደለም፤ በእንስራና በጄሪካን የመጣ ውኃ ቅድሚያው ለወጥና ለከብት ነው። በቤት ውስጥ ውኃው ወዴት እንደሚሄድ ያላየ ሰው ውጤቱን ለማንበብ ይቸገራል።

ኢትዮጵያዊው ተመራማሪ ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 ዓድዋ ላይ እንዶድ ቢልሃርዚያን የሚያስተላልፈውን ቀንድ አውጣ እንደሚገድል የደረሱበትም በሽታን ከአካባቢውና ከሰው ልማድ ጋር አጣምሮ በሚያይ ዓይን ነው። ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ሥፍራ በታች ቀንድ አውጣዎቹ ሞተው አዩ። በሽታውን፣ ወንዙን፣ ቀንድ አውጣውንና የአጣቢዎቹን ልማድ አንድ ላይ ባያዩ ኖሮ አልፈዋቸው ይሄዱ ነበር።

አንባቢዬ፣ እናትዎ ወይም አያትዎ ሽፋሽፍት በወረንጦ የሚነቅሉ ከሆነ መንቀሉ ጊዜ መግዣ እንጂ መዳኛ አይደለም። የታጠፈውን ቆብ የሚያስተካክለው ቀዶ ሕክምና አጭር ነው፤ የሠለጠኑ ነርሶችም ይሠሩታል። ብሌኑ ከነጣ በኋላ ግን የጠፋው ብርሃን በዚህ ቀዶ ሕክምና አይመለስም፤ ስለዚህ ሳይዘገይ ወደ ጤና ጣቢያ ይውሰዷቸው።