አራት መዝገብ በአንድ መስኮት
የኮምፒዩተር ትምህርት፦ ስለ «ቪው»

ውድ ተማሪዎች፣ ይህን ትምህርት ለመከታተል ኮምፒዩተር ነክታችሁ ማወቅ አያስፈልግም፤ የክፍል መዝገብ አይታችሁ ከሆነ ይበቃል። ወላጆችም ብታነቡት እንወዳለን፤ ነገሩ የልጆቻችሁን ስም ይመለከታልና።

አንድ ትምህርት ቤት አራት መዝገብ አለው እንበል። በመጀመሪያው የተማሪው መለያ ቁጥር፣ ስሙና የክፍሉ ቁጥር ተጽፏል። በሁለተኛው የክፍሉ ቁጥርና የክፍል ኃላፊው መምህር ስም አለ። ሦስተኛው የተማሪውን ቁጥር፣ የትምህርቱን ቁጥርና ማርኩን ይይዛል። አራተኛው የትምህርቶቹ ስም ዝርዝር ነው። እያንዳንዱ ነገር አንድ ቦታ ብቻ ስለሚጻፍ፣ መምህር ሲቀየር አንድ መስመር ማረም ይበቃል። መረጃን እንዲህ በሠንጠረዥ ከፋፍሎ በቁጥር የማገናኘትን ሐሳብ በ1970 እ.ኤ.አ. ያቀረበው፣ በአይ.ቢ.ኤም. ኩባንያ ይሠራ የነበረው ኤድጋር ኮድ ነው።

ሰርተፊኬት ለመሙላት ግን አራቱም መዝገቦች በአንድ ጊዜ ይፈለጋሉ። በቁጥራቸው አገናኝቶ አንድ ላይ ማንበብ «ጆይን» ወይም ማጣመር ይባላል። ዳታቤዙ ራሱ አራት ሠንጠረዥ ማጣመር አይከብደውም። ለመሥሪያ ቤት የሚሸጡት ሪፖርት ማውጫ ፕሮግራሞች ግን የየራሳቸው ገደብ አላቸው። ማይክሮሶፍት አክሰስ በአንድ ጥያቄ ከ32 ሠንጠረዥ በላይ አይቀበልም፤ ከዚህ እጅግ ያነሰ የሚፈቅዱም አሉ። የኛ ምሳሌ ፕሮግራም ሁለት ብቻ ያጣምራል እንበል። ፕሮግራሙን የሠራው ሌላ ድርጅት ስለሆነ ውስጡን ልንቀይረው አንችልም። ብዙ ሰው በዚህ ጊዜ ሁሉንም ወደ አምስተኛ መዝገብ ይገለብጣል። ግልባጩ ግን በማግስቱ ያረጃል፤ ማርክ ቢታረም እሱ አያውቅም።

የተሻለው መንገድ ቪው ነው። ቪው ስም ተሰጥቶት ዳታቤዙ ውስጥ የተቀመጠ ጥያቄ ነው። እንደ መስኮት ቁጠሩት፤ ዕቃው ያለው ቤቱ ውስጥ እንጂ መስኮቱ ላይ አይደለም። ስለዚህ መዝገቡ ሲታረም በቪው የሚታየውም አብሮ ይታረማል። ሪፖርት ማውጫው ግን ቪውን እንደ አንድ ሠንጠረዥ ይቆጥረዋል፤ ዘዴው ያለው እዚህ ላይ ነው። የመጀመሪያውን ቪው እንዲህ እንሠራለን፦

ክሪኤት ቪው የክፍል_ዝርዝር አዝ
ሴሌክት ተማሪ.ቁጥር፣ ተማሪ.ስም፣ ክፍል.መምህር
ፍሮም ተማሪ ጆይን ክፍል
ኦን ተማሪ.ክፍል_ቁጥር = ክፍል.ቁጥር

(ትእዛዙ በኮምፒዩተር የሚጻፈው በላቲን ፊደል ነው፤ እዚህ በፊደላችን ያስቀመጥነው አነባበቡን እንድትለምዱ ነው።)

ሁለተኛው ቪው ማርክንና የትምህርት ስምን በዚሁ መንገድ ያጣምራል፤ «የማርክ_ዝርዝር» እንበለው። አራቱ መዝገቦች ሁለት ሆኑ፤ ሁለት ደግሞ ፕሮግራሙ ይቀበላል። ከፈለጋችሁ ሁለቱን ቪዎች የሚያጣምር ሦስተኛ ቪው መሥራትም ይቻላል። ይህ ሲባል ግን የዳታቤዙ የራሱ ገደብ ይነሣል ማለት አይደለም። ለምሳሌ ማይኤስኪውኤል በአንድ ጆይን ውስጥ ከ61 ሠንጠረዥ በላይ አይፈቅድም፤ በአንድ ቪው ውስጥ የሚጠቀሱትም ከዚህ ቁጥር እንዲያልፉ አይፈቅድም።

አሁን ዋናውን ጥንቃቄ ልብ በሉ። ተራው ጆይን በሁለቱም ወገን የተገኘውን ብቻ ያሳያል። በሴሚስተሩ አጋማሽ የመጣችና ገና ክፍል ያልተመደበላት ልጅ በተማሪዎች መዝገብ ስሟ አለ፤ «የክፍል_ዝርዝር» ውስጥ ግን የለችም። ኮምፒዩተሩ ስሕተት አለ ብሎ አይጮህም፤ ዝርዝሩም ሲታይ ሙሉ ይመስላል። ደብተር የሚታደለው በዚያ ዝርዝር ቢሆን ልጅቷ ባዶ እጇን ትመለሳለች። ስለዚህ «ጆይን» ባልንበት ቦታ «ሌፍት ጆይን» እንጽፋለን። ያን ጊዜ በግራ ያለው መዝገብ ሁሉ ይወጣል፤ ያልተሟላው ቦታ ባዶ ሆኖ ይታያል። ሁለቱ ቪዎች ሲጣመሩም ማርክ ያልተሞላለት ልጅ እንዳይቀር «የክፍል_ዝርዝር» በግራ ይሁን። ቪው በሠራችሁ ቁጥር የተማሪዎችን መዝገብ ቁጠሩ፤ በቪው ውስጥ ያሉትን የተለያዩ ተማሪዎችም ቁጠሩና አስተያዩ።

ሌላው፣ በስም አታጣምሩ። ኃይሉ፣ ሀይሉና ሐይሉ ለጆሯችን አንድ ናቸው፤ ለኮምፒዩተሩ ግን ሦስት ሰዎች ናቸው። ወላጆች፣ ልጃችሁ ስትመዘገብ የሚሰጣትን መለያ ቁጥር ጽፋችሁ አስቀምጡ። ስሟ በተለያየ ፊደል ቢጻፍ እንኳ መዝገቦቹን የሚያገናኘው ያ ቁጥር ነው።

መልመጃ

1. የ«የማርክ_ዝርዝር»ን ትእዛዝ በደብተራችሁ ጻፉ።

2. አምስተኛ የአሳዳጊዎች መዝገብ ተጨመረ እንበል። አንድ ተማሪ ሁለት አሳዳጊና የስድስት ትምህርት ማርክ አለው። ሁሉም በአንድ ቪው ቢጣመሩ ተማሪው በስንት ረድፍ ይወጣል? ማርኩ ቢደመርስ ድምሩ ምን ይሆናል? በወረቀት ሠርታችሁ ለኮምፒዩተር መምህራችሁ አሳዩ።