በማኅደረ ትውስታ የሚቆዩ ፀረ ቫይረስ ፕሮግራሞችና ቀደምት የአማርኛ ሶፍትዌሮች፦ የግጭቱ መነሻና ለሰነድ ጥበቃ ያለው ትርጉም

መግቢያ

ዩኒኮድ እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው 3.0 እትሙ የኢትዮጵያን ፊደል ከማካተቱ በፊት፣ በኮምፒዩተር የተዘጋጁ የአማርኛ ሰነዶች የሚቀመጡት እያንዳንዱ ፕሮግራም በራሱ በመረጠው የኮድ ሥርዓት ነበር። የዚያ ዘመን ፍሎፒ ዲስክ በቢቸና ወይም በሞጣ ከሚገኝ መዝገብ ቤት ቢወጣ፣ ይዘቱን ለማንበብ ብዙ ጊዜ ሰነዱ የተጻፈበትን ፕሮግራም ዳግም ማስነሣት ግድ ይላል። በዚህ ጊዜ ከሚያጋጥሙ እንቅፋቶች አንዱ በማኅደረ ትውስታ ተቀማጭ የሆነው ፀረ ቫይረስ ነው።

የግጭቱ መነሻ

እ.ኤ.አ. በ1981 የወጣው የአይቢኤም ግል ኮምፒዩተር የተሠራበት 8088 ፕሮሰሰር ሊደርስበት ከሚችለው 1 ሜጋባይት ውስጥ ለዶስና ለፕሮግራሞች የተተወው 640 ኪሎባይት ብቻ ነበር። ፕሮሰሰሩ አንዱን ፕሮግራም ከሌላው የሚከልልበት አጥር አልነበረውም። ዶስም በአንድ ጊዜ አንድ ፕሮግራም እንዲያስኬድ የታሰበ በመሆኑ፣ ከበስተጀርባ መሥራት የሚፈልግ ፕሮግራም ሥራውን የጨረሰ መስሎ በማኅደረ ትውስታ ይቀራል፤ በ256ቱ የማቋረጫ አድራሻዎች ሰንጠረዥ ውስጥም የነባሩን አድራሻ በራሱ ይተካል። ከዚያ በኋላ የኪቦርድ ወይም የዲስክ ጥሪ ሲመጣ ቀድሞ ይቀበልና ለነባሩ ያስተላልፋል።

ተቀማጭ ፕሮግራሞች ሲበዙ ጥሪው በቅብብል ይሄዳል። ችግሩም እዚህ ላይ ይጀምራል። ከመካከል ያለው አንዱ ቢወጣ፣ ከእሱ በኋላ የገባው አሁንም ወደ ተለቀቀው ቦታ ስለሚያመለክት ማሽኑ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ስለዚህ ኋላ የገባው አስቀድሞ መውጣት አለበት። ከሁሉም በላይ ቫይረሱም፣ ፀረ ቫይረሱም፣ ጠቃሚው መገልገያም የሚጠቀሙት ያንኑ ስልት በመሆኑ፣ በአሠራር ብቻ ወዳጅን ከጠላት መለየት አዳጋች ነው።

እ.ኤ.አ. በ1993 ከኤምኤስ-ዶስ 6.0 ጋር የቀረበው ቪሴፍ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። 22 ኪሎባይት ያህል ቦታ ይወስድ ነበር። ከስምንት ምርጫዎቹ መካከል አንዱ፣ ማንኛውም ፕሮግራም ተቀማጭ ለመሆን ሲሞክር ያስጠነቅቃል፤ ይህ ምርጫ ግን ሲጀመር ዝግ ሆኖ የቀረበ ነበር። ዊንዶውስ በሚጫንበት ጊዜም ቪሴፍ እንዳይሠራ መመሪያው ያሳስብ ነበር።

የአማርኛ ፕሮግራሞች ሁኔታ

የዳሽን ኢንጂነሪንግ መሥራች አቶ ፍስሐ አጥላው በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የኢትዮጵያን ፊደል ለግል ኮምፒዩተር ካበቁ ቀደምት ባለሙያዎች አንዱ ናቸው። በዚያ ዘመን ፊደሉን በዶስ ላይ ማሠራት ሁለት ጣልቃ ገብነቶችን ይጠይቃል። አንደኛ፣ የተለመደው የጽሑፍ ማሳያ ስልት የሚይዘው 256 ምልክቶችን ሲሆን፣ በዩኒኮድ 3.0 የተመዘገቡት የኢትዮጵያ ምልክቶች ግን 345 ናቸው፤ በመሆኑም ፊደሉን በሥዕል ስልት ማሳየት ተመራጭ ይሆናል። ሁለተኛ፣ አንድ ሆሄ ከተነባቢና ከአናባቢ ቁልፎች ጥምረት ስለሚገኝ የኪቦርዱን ጥሪ መጥለፍ ያስፈልጋል።

ሁለቱንም በራሱ ውስጥ የሚያከናውን የጽሑፍ ማዘጋጃ ሲዘጋ የጠለፈውን ይመልሳል። ለሌሎች ፕሮግራሞች አማርኛ እንዲያቀርብ በተቀማጭነት የተሠራ መገልገያ ግን በቪሴፍ ዓይን ተጠርጣሪ ነው። ማስጠንቀቂያው በሥዕል ስልት ላይ ሳለ ቢመጣ ደግሞ ማሳያው ሊበላሽ፣ መልስ የሚሰጥበት ቁልፍም በአማርኛው መገልገያ ሊጠለፍ ይችላል። የቦታው ጉዳይም ቀላል አይደለም። 345 ምልክቶች እያንዳንዳቸው በ16 በ16 ነጥብ ቢቀረጹ 11,040 ባይት ይፈልጋሉ። ይህ ከቪሴፍ ድርሻ ጋር ሲደመር ወደ 33 ኪሎባይት፣ ማለትም የ640ው 5 በመቶ ያህል ይሆናል፤ ዶስና ሌሎች ነጂዎች የሚወስዱት ገና ሳይቆጠር ማለት ነው።

ይሁን እንጂ ጥበቃውን መተውም መፍትሔ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1986 የታየው ብሬይን የተባለው ቫይረስ በፍሎፒ የማስነሻ ክፍል ውስጥ ተሸሽጎ ይዛመት ነበር። የኮምፒዩተር መረብ በሌለበት ቦታ ፍሎፒው መልእክተኛም፣ በሽታ ተሸካሚም ነው።

ማጠቃለያ

ከዚህ ትንተና ለሰነድ አዳኞች ግልጽ የሥራ ቅደም ተከተል ይገኛል። ፍሎፒው በመጀመሪያ እንዳይጻፍበት ይቆለፋል፤ ሙሉ ቅጂው ይወሰዳል፤ ሥራው ሁሉ በቅጂው ላይ ብቻ ይሆናል። ቅጂው በዘመናዊ ማሽን ላይ በፀረ ቫይረስ ይፈተሻል፤ ቫይረስ ቢገኝም የመጀመሪያው ቅጂ ሳይነካ ይቀመጣል። ቀጥሎ ዶስ በአስመሳይ ሶፍትዌር ውስጥ ያለ ተቀማጭ ፕሮግራም ይነሣል፤ በኤምኤስ-ዶስ 6 ሲነሣ ኤፍ5 ቁልፍን መጫን ለዚህ ይበቃል። በመጨረሻ የአማርኛው ፕሮግራም ብቻውን ይጫናል። ማሽኑ ያኔም ከቆመ፣ መንስኤውን በተቀማጭ ፀረ ቫይረስ ላይ ማላከክ አይቻልም፤ ፍለጋው ወደ ፕሮግራሙ፣ ወደ አስመሳዩ ወይም ወደ ቅጂው ጤንነት ይዞራል። መፈተሽና መጠበቅ የተለያዩ ተግባራት መሆናቸውን መረዳት፣ ሳይነበብ የተቀመጠን ሰነድ ተበላሽቷል ብሎ ከመጣል ያድናል።