በአንድ ደመወዝ ብዙ ክፍያ፦ የቤተሰብ ኑሮ ትምህርት

መግቢያ

ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ እሑድ ስለ ቁጠባ ሰብኬ ነበር። የብዙ ቤተሰብ ችግር የገንዘብ ማነስ ሳይሆን የአያያዝ ጉድለት ነው የሚል ሐሳብ ጠንከር ባለ ቃል ተናገርሁ። ከቅዳሴ በኋላ፣ ልብስ በማጠብ ሦስት ልጆች የምታሳድግ አንዲት እናት ቀርባ፣ «አባ፣ እስቲ ከዚህ ውስጥ የትኛውን ልተው? ይንገሩኝ» ብላ የልጇን አሮጌ ደብተር ሰጠችኝ። በደብተሩ ላይ የቤት ኪራይ፣ መብራት፣ ውሃ፣ ትምህርት ቤት፣ እድር፣ ዱቄት፣ ዘይት፣ ከሰል በተራ ተጽፈዋል። ከላይ እስከ ታች ሁለት ጊዜ አነበብሁት፤ የሚሰረዝ አንድ መስመር እንኳ አላገኘሁም። ደብተሩን መልሼ ይቅርታ ጠየቅኋት።

ይህ ትምህርት የተነሣው ከዚያ ደብተር ነው። ሐሳቡም አጭር ነው፦ በአንድ ገቢ የሚተዳደር ቤተሰብ ወጪውን በግልጽ ሲጽፍ ሁለት ነገሮች ይለያሉ። አንደኛው በአያያዝ የሚስተካከለው ነው፤ ሁለተኛው በምንም ዓይነት አያያዝ የማይስተካከለው ነው። የመጀመሪያው የቤተሰቡ ሥራ ነው፤ ሁለተኛው ግን የሁላችንም ጥያቄ ነው። ሁለቱን ሳይለዩ ድሀውን መምከር፣ እኔ እንዳደረግሁት፣ በቁስሉ ላይ ጨው መነስነስ ነው።

1. እጅ ላይ የሚደርሰውን ማወቅ

ብዙ ቤተሰብ ኑሮውን የሚያቅደው በደመወዙ ስም ነው፤ የሚኖረው ግን እጁ ላይ በሚደርሰው ገንዘብ ነው። በምሳሌ እንመልከት። የአንድ አባወራ ደመወዝ 10,000 ብር ነው እንበል። ከሐምሌ 2017 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ በዋለው የገቢ ግብር ማሻሻያ መሠረት እስከ 2,000 ብር ያለው ገቢ ከግብር ነጻ ነው፤ ከዚያ በላይ ያለው ከመቶ 15፣ 20 እና 25 እያለ በደረጃ ይታሰባል። ስለሆነም የዚህ ሰው ግብር 1,650 ብር ይሆናል። ለጡረታ ከመቶ 7፣ ማለትም 700 ብር ይቀነሳል። እጁ ላይ የሚደርሰው 7,650 ብር ነው። ማቀድ የሚገባው ከዚህ ቁጥር ተነሥቶ ነው።

አምስት ሰዎች ያሉበት የዚህ ቤተሰብ የማይቀሩ የወር ክፍያዎች እንዲህ ናቸው እንበል፦ የቤት ኪራይ 2,500፣ የትምህርት ቤት 800፣ የታክሲ 500፣ የመብራት 400፣ የውሃ 150፣ የእድር 100 ብር። ድምሩ 4,450 ብር ነው። የሚተርፈው 3,200 ብር ይሆናል። ቤተሰቡ ይህን ሲያይ «ለምግብ 3,200 አለን» ይላል። ስሕተቱ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

2. የዓመቱን ክፍያ ወደ ወር መመለስ

በየወሩ የማይመጡ፣ ነገር ግን ሳይመጡ የማይቀሩ ክፍያዎች አሉ። መስከረም ሲጠባ የልጆች ምዝገባ፣ ደብተርና የደንብ ልብስ ይመጣሉ፤ ገናና ፋሲካ ይመጣሉ፤ ሕመምም ቀኑን ሳይነግረን ይመጣል። እነዚህን «ድንገተኛ» ማለት ልማዳችን ነው፤ መስከረም ግን በየዓመቱ የሚመጣ ወር እንጂ ድንገተኛ አይደለም።

ከላይ ያለው ቤተሰብ ለመስከረም 3,600፣ ለበዓላት 2,400፣ ለሕክምና መጠባበቂያ 1,200 ብር ቢያስፈልገው፣ ድምሩ በዓመት 7,200፣ በወር 600 ብር ነው። እንግዲህ ለምግብ የሚቀረው 3,200 ሳይሆን 2,600 ብር ነው። ይህ ለአምስት ሰው በቀን 87 ብር ገደማ፣ ለአንድ ሰው ከ18 ብር በታች ማለት ነው። ገበያ የወጣ ሁሉ ይህ ምን እንደሚገዛ ያውቃል። ቁጥሩ ያሳዝናል፤ ሳይታወቅ ሲቀር ግን ይበልጥ ይጎዳል፤ ምክንያቱም ያልታወቀው 600 ብር ነው መስከረም ላይ ወደ አራጣ አበዳሪ ደጅ የሚወስደን።

ለዚህ ዓይነቱ ክፍያ አባቶቻችንና እናቶቻችን ያቆዩልን መሣሪያ እቁብ ነው። አሥራ ሁለት ሰዎች በየወሩ 600 ብር ቢጥሉ፣ እያንዳንዱ በተራው 7,200 ብር ያነሣል። የመስከረምን ተራ ተማሪ ላለው ቤት መተው፣ ወይም ዕጣው የወጣለት ሰው ከባሰበት ጋር ተራ እንዲለዋወጥ መስማማት፣ ያለ ወለድ የሚገኝ ትልቅ እርዳታ ነው። እቁብ በመተማመን ላይ የቆመ ስለሆነ ግን ሰብሳቢውን፣ ጸሐፊውንና ዋሶችን አስቀድሞ ማወቅ ይገባል። መደበኛ ደመወዝ የሌላቸው ቤተሰቦችም፣ በ2003 ዓ.ም. በሙከራ የተጀመረውን የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በየቀበሌያቸው ሊጠይቁ ይገባል፤ መዋጮው በዓመት አንድ ጊዜ ስለሚከፈል እርሱም በየወሩ ተከፋፍሎ ሊጠራቀምለት የሚገባ ነው።

3. ሁሉም በማይበቃበት ወር ማንን እናስቀድም?

ብዙ ጊዜ የሚቀድመው አጥብቆ የሚጮኸው ባለ ዕዳ ነው። ትክክለኛው መለኪያ ግን ጩኸቱ ሳይሆን ጉዳቱ ነው። ስለ እያንዳንዱ ክፍያ ሁለት ጥያቄ እንጠይቅ፦ በዚህ ወር ባይከፈል ማን ይጎዳል? በሚቀጥለው ወር ሲከፈልስ ምን ያህል ይጨምራል?

በዚህ መለኪያ የልጆች ምግብና የታመመ ሰው መድኃኒት ይቀድማሉ፤ ቀጥሎ ከቤት የማያስወጣን ኪራይ፤ ከዚያም ከተቋረጡ ለማስቀጠል ተጨማሪ ገንዘብና ምልልስ የሚጠይቁት መብራትና ውሃ ይመጣሉ። የትምህርት ቤት ክፍያ፣ አስቀድሞ ሄዶ ለተነጋገረ ወላጅ፣ ብዙ ጊዜ ቀጠሮ ይገኝለታል። የድግስ መዋጮ ግን በቅንነት «በዚህ ወር አልችልም» ሊባልበት የሚገባ ነው። ይህን ማለት ውርደት አይደለም፤ ለይሉኝታ ተበድሮ መስጠት ግን ከልጅ አፍ ነጥቆ ለእንግዳ ማብላት ነው።

ዋናው ምክር ይህ ነው፦ ቀኑ ከማለፉ በፊት ይሂዱ። ከቀኑ በፊት የሄደ ሰው ቀጠሮ ይለምናል፤ ካለፈ በኋላ የሄደ ግን ይቅርታ ይለምናል።

4. በእጃችን ያለውን ማስተካከል

ሀ) መብራት። በመስከረም 2017 ዓ.ም. የጀመረው የታሪፍ ማሻሻያ በአራት ዓመት ውስጥ ደረጃ በደረጃ የሚፈጸም ሆኖ ወጥቷል። ታሪፉ በአጠቃቀም መጠን የተከፋፈለ ነው፤ በወር እስከ 50 ኪሎ ዋት ሰዓት የሚጠቀም ቤት በዝቅተኛው ዋጋ ሲከፍል፣ አጠቃቀሙ በጨመረ ቁጥር የአንዱ ኪሎ ዋት ሰዓት ዋጋም ይጨምራል። በብዙ ቤት ጭቅጭቁ ስለ አምፖል ነው። ነገር ግን 10 ዋት የሆነ አምፖል በየቀኑ አምስት ሰዓት ቢበራ በወር የሚፈጀው 1.5 ኪሎ ዋት ሰዓት ብቻ ነው። 3.5 ኪሎ ዋት የሚስብ የእንጀራ ምጣድ ግን በአንድ ሰዓት ተኩል ጋገራ ከ5 በላይ ይፈጃል፤ በወር ስምንት ጊዜ ቢጋገርበት 42 ኪሎ ዋት ሰዓት ይሆናል። ስለዚህ ለልጁ ጥናት የሚበራውን መብራት ከማጥፋት ይልቅ፣ ሁለት ጎረቤታሞች ምጣዱ አንዴ ከጋለ በኋላ ተከታትለው ቢጋግሩ፣ ሒሳቡንም በትክክል ቢካፈሉ ይጠቅማል፤ ምጣዱን ለማጋል ብቻ የሚባክነው ኃይል ይተርፋልና።

ለ) ኪራይ። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ፣ ተፈጻሚ በሆነባቸው ከተሞች፣ ውል በጽሑፍ እንዲደረግና እንዲመዘገብ፣ ዘመኑም ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ የቅድሚያ ክፍያም ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ይደነግጋል። ብዙ ተከራይ ይህን ባለማወቁ በየጥቂት ወሩ ጭማሪ ይጠየቃል። ከአከራይ ጋር መጣላት አያስፈልግም፤ ብዙ አከራይም በዚያችው የኪራይ ገንዘብ የሚተዳደር ነው። ነገር ግን ውልን በጽሑፍ ማድረግ ሁለቱንም ይጠብቃል።

ሐ) አራጣ። ሦስት ሺህ ብር በወር ከመቶ አሥር የተበደረ ሰው በየወሩ 300 ብር ይከፍላል። በዓመቱ 3,600 ብር ከፍሏል፤ የተበደረው 3,000 ግን እንዳለ ነው። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ተዋዋዮች የሚስማሙበት ወለድ በዓመት ከመቶ 12 እንዳይበልጥ ይወስናል፤ ይህም በ3,000 ብር ላይ በዓመት 360 ብር ነው። አራጣው የሕጉን አሥር እጥፍ ወሰደ ማለት ነው። አራጣ ማበደር በ1996 ዓ.ም. በወጣው የወንጀል ሕግም ያስቀጣል። በመሥሪያ ቤት ወይም በሰፈር ያለ የገንዘብ ቁጠባና ብድር ማኅበር አባል መሆን፣ መቆጠብም በችግር ቀን ሳይሆን ቀደም ብሎ መጀመር፣ ከዚህ ወጥመድ ይጠብቃል።

5. የተደበቀ ዕዳ

በቤት ጉብኝት ካየኋቸው ቁስሎች ሁሉ የከፋው የተደበቀ ዕዳ ነው። ባል ሚስቱን እንዳያስጨንቅ ብሎ ያልተከፈለውን ደረሰኝ በኪሱ ይይዛል፤ ሚስትም ባሏ እንዳይቆጣ ብላ ከሱቅ በዱቤ የወሰደችውን ትሰውራለች። ሁለቱም በፍቅር የጀመሩት ነው፤ መጨረሻው ግን መጠራጠር ይሆናል። መብራቱ የተቆረጠ ዕለት የሚጠፋው መብራቱ ብቻ አይደለም፤ መተማመንም አብሮ ይጠፋል።

ስለዚህ ደመወዝ በገባ በማግስቱ ባልና ሚስት፣ ነገሩን ሊረዱ የሚችሉ ትልልቅ ልጆችም ባሉበት፣ ደብተሩን በጋራ ይክፈቱ። ግማሽ ሰዓት ይበቃል። ወቀሳ አይኑር፤ «ይህን ለምን ገዛሽ» ሳይሆን «የሚቀጥለውን እንዴት እንሻገር» ይባል። የቤቱን አቅም የሚያውቅ ልጅ፣ ጫማ የተከለከለው ስላልተወደደ እንዳልሆነ ይረዳል።

6. በደብተር የማይስተካከለው

ይህ ሁሉ ከተደረገ በኋላ፣ ከላይ ያየነው ቤተሰብ ዛሬም ለአንድ ሰው ምግብ በቀን ከ18 ብር በታች ነው ያለው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የብዙ ዕቃ ዋጋ ንሯል፤ ይህን የትኛዋም ቆጣቢ እናት በደብተር ልትመልሰው አትችልም። እዚህ ላይ ነው ምክር አብቅቶ ፍትሕ የሚጀምረው።

ቤተ ክርስቲያን በዚህ ጉዳይ ትምህርት አላት። ር.ሊ.ጳ. ልዮን 13ኛ እ.ኤ.አ. በ1891 «ሬሩም ኖቫሩም» በተሰኘው መልእክታቸው፣ ሠራተኛ ተቸግሮ የተስማማበት ዋጋ ሁሉ ፍትሐዊ እንደማይባል አስተማሩ። ር.ሊ.ጳ. ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛም እ.ኤ.አ. በ1981 «ላቦሬም ኤክሰርቸንስ» በተሰኘው መልእክታቸው፣ የቤተሰብ ኃላፊ የሚያገኘው አንድ ደመወዝ ቤተሰብን ለመመሥረትና በሚገባ ለማስተዳደር የሚበቃ፣ ካልሆነም በቤተሰብ ድጎማ የሚታገዝ ሊሆን እንደሚገባ ገለጡ። እንግዲህ ጥያቄው ለአሠሪዎች ሁሉ ነው፤ ቤት ውስጥ ሠራተኛ ለሚያሠሩ ምእመናን፣ እንዲሁም ለእኛው ለቁምስናዎች። የጥበቃና የጽዳት ሠራተኞቻችንን ደብተር ብንከፍት ምን እናገኛለን? ስለ ፍትሕ ከመስበካችን በፊት ልንመልሰው የሚገባ ጥያቄ ነው።

ያቺ እናት በቀጣዩ መስከረም በሰፈሯ እቁብ የመጀመሪያውን ተራ አነሣች፤ ዕጣው የወጣላት ጎረቤቷ ናት የለቀቀችላት። ልጆቿም በሰዓቱ ተመዘገቡ። ኪራዩ ግን ዛሬም ከአቅሟ በላይ ነው። ደብተሯ አልተዘጋም፤ የእኛም ኃላፊነት እንዲሁ።

ለውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች

1. በቤታችን «ድንገተኛ» ከምንላቸው ወጪዎች መካከል በእርግጥ በየዓመቱ የሚመጡት የትኞቹ ናቸው? በወር ሲካፈሉስ ስንት ይሆናሉ?
2. ከትዳር ጓደኛችን የሰወርነው ዕዳ አለን? ለመግለጥ የሚያስፈራን ምንድን ነው?
3. በማኅበራችን ወይም በእድራችን የምንጠይቀው መዋጮ በአንድ ገቢ ለሚኖር ቤተሰብ ምን ያህል ይከብዳል? ማስተካከል እንችላለን?
4. እኛ ራሳችን የምናሠራው ሰው፣ ከምንከፍለው ገንዘብ ኪራዩንና የልጆቹን ምግብ ሊሸፍን ይችላል?

ማሳሰቢያ ለመምህራን፦ በውይይቱ ጊዜ ማንም ሰው የገቢውን መጠን በጉባኤ ፊት እንዲናገር አይጠየቅ። ከላይ የቀረበውን የምሳሌ ሒሳብ በሰሌዳ ላይ ጽፎ ማስላት ይበቃል፤ እያንዳንዱ የራሱን በቤቱ ያሰላል።