ሁለት ኖታ ብቻ፣ እቱ

እግርሽን ከፔዳሉ አንሺ። በግራ እጅሽ ክሩ ላይ የምታንሸራትቺውን ብረትም ለጊዜው አስቀምጪው። አጠገብሽ ወንበር ስቤ ልቀመጥ አስቤ ነበር፤ ግን ከትከሻሽ በላይ ሆኜ ሳይ ነው እጅሽም ጉልበትሽም እግርሽም እኩል የሚታዩኝ። ቅር እንዳይልሽ እንጂ አስተማሪሽ በትሕትና የሚያልፈውን እኔ አላልፍልሽም። ታላቅነት ለምን ይጠቅማል ታዲያ?

በዘፈን ምርጫሽ ላይ ምንም አልልም። ፔዳል ስቲል ጊታር የሚጀምር ሁሉ ቡዲ ኤመንስን ካልሆንኩ እያለ በፈጣን ነገር ጣቱን ሲያሰቃይ፣ አንቺ የቶም ብረምሊን ሶሎ መያዝሽ ብልህነት ነው። ሶሎው ያለበት፣ ባክ ኦውንስ በፈረንጅ አቆጣጠር በ1964 ያወጣው «ቱጌዘር አጌን» የሸክላው ሁለተኛ ፊት ላይ የተቀመጠ ዘፈን ነበር። በመጀመሪያው ፊት ያለው «ማይ ኸርት ስኪፕስ ኤ ቢት» ነው። ሁለቱም የካንትሪ ሰንጠረዥ አናት ላይ ወጡ። «ቱጌዘር አጌን» መሐል ላይ የምትሰሚያት አጭር የስቲል ሶሎ ግን ስንቱን ሙዚቀኛ እንዳማለለች! ጊታሪስቱ ጄሪ ጋርሺያ ይህን መሣሪያ ለመማር የተነሣው እሷን ሰምቶ ነው ይባላል። በ1970 የወጣው የክሮዝቢ፣ ስቲልስ፣ ናሽና ያንግ «ቲች ዩር ችልድረን» ላይ ስቲሉን የተጫወተው እሱ ነው፤ ያኔ ለመሣሪያው ገና አዲስ ነበር። እና ጀማሪ ነኝ ብለሽ አትሸማቀቂ።

ሶሎው አጭር ነው፣ ኖታውም ጥቂት። አታላይነቱ እዚያ ላይ ነው። ታቡን፣ ያን የክርና የፍሬት ቁጥር የተጻፈበትን ወረቀት፣ ከፊትሽ ዘርግተሽ፣ ቁጥሩን እያየሽ ክሩን ስትመቺ «ይኸው ያዝኩት» ያሰኝሻል፤ የወጣው ድምፅ ግን የብረምሊን አይመስልም። ለምን? መቼ እንደተያዘና መቼ እንደተለቀቀ ታቡ ላይ የለማ! ስንተኛው ፍሬት ላይ እንደምትቆሚ፣ ከቁጥሩ ጎንም ኤ ወይም ቢ ፔዳል እንደምትረግጪ ይነግርሻል፣ በቃ። ከተመታው ክር እስከ ተረገጠው ፔዳል ያለችውን ትንፋሽ የምታገኚው ከሸክላው ብቻ ነው።

ስለዚህ መሣሪያውን ሳትነኪ ሶሎውን በአፍሽ ዝፈኚው። አትሳቂ። ስልክሽ ላይ ድምፁን ሳያወርድ ፍጥነቱን በግማሽ የሚቀንስ አፕ አለ፤ እሱን ክፈቺና አንዷን ሐረግ ደጋግመሽ ስሚ። መጀመሪያ የላይኛውን ድምፅ ዝፈኚ፣ ከዚያ ከሥሩ አብሮት የሚሄደውን። ሁለተኛውን መዝፈን ካቃተሽ እየሰማሽው አይደለም ማለት ነው፤ ያልሰማሽውን ደግሞ እግርሽ አያገኘውም። ብረምሊ እንኳ የመዝሙር ቤት ልጅ ነው፤ አባቱ አልበርት ብረምሊ «አይል ፍላይ አዌይ»ን የጻፈው ሰው ነው። እንደሚዘፍን ሰው የሚጫወተው በአጋጣሚ አይመስለኝም።

አሁን ጆሮሽን በአንድ ነገር ላይ አሹልልሽ፤ ከዛሬ ሌላው ሁሉ ቢረሳሽ ይቺን ያዢ። ሁለት ወይም ሦስት ክር አንድ ላይ ተመትቶ፣ አንደኛው ቀጥ ብሎ ቆሞ ሌላኛው ብቻ ወደ ላይ ከተሳበ፣ ያ የእግር ሥራ ነው። ሁሉም እኩል ከተንሸራተቱ የብረቱ ነው። አንደኛው እየተሳበ ሁሉም ቦታ ከቀየሩ ሁለቱም አብረው ሠርተዋል። የሰማሽውን በዚህ ከለየሽ፣ የትኛው ፍሬት ላይ እንደተጫወተው ራሱ ድምፁ ይመራሻል።

አብረን እናጣራው። የኢ ናይን ቅኝትሽ ላይ ኤ ፔዳል አምስተኛውንና አሥረኛውን ክር ከቢ ወደ ሲ ሻርፕ ያወጣል። ቢ ፔዳል ሦስተኛውንና ስድስተኛውን ከጂ ሻርፕ ወደ ኤ ያወጣል። ሌሎቹን ክሮች እነዚህ ፔዳሎች አይስቧቸውም። ለምሳሌ የጂ ሜጀርን ኮርድ ፈልጊ። ሦስተኛው ፍሬት ላይ ፔዳል ሳትነኪ ታገኚዋለሽ። ስድስተኛው ላይ በኤ ፔዳልና ኢውን ወደ ኤፍ በሚያወጣው የጉልበት ሌቨር ትመጣለች። አሥረኛው ላይም ኤና ቢን አብረሽ ስትረግጪ እሷው ናት። ኮርዷ አንድ ናት፤ ከሦስቱ ቦታ ስትነሺ ግን የሚሳበው ክር ይለያያል፣ ልቅሶውም ይለያያል። ታቡን የጻፈው ሰው አንደኛውን ቦታ መርጦ ይሆናል፤ ብረምሊ ደግሞ ሌላኛው ላይ። የምትፈርጂው አንቺ ነሽ፣ በጆሮሽ።

ይህ «ክሩ እየጮኸ ሳለ መሳብ» የሚባለው ነገር ራሱ መነሻ አለው። ፔዳል ያለው ስቲል ከዚያ በፊትም ነበር፤ አብዛኛው ሰው ግን ከአንዱ ቅኝት ወደ ሌላው ለመዛወር ነበር የሚጠቀምበት። በ1954 የዌብ ፒርስ «ስሎውሊ» ሲወጣ፣ ስቲሉን የተጫወተው በድ አይዛክስ ክሩን መትቶ፣ ድምፁ ሳይጠፋ ፔዳሉን ረገጠው። አገር ምድሩ ስቲል ተጫዋች መሣሪያው ላይ ፔዳል ለማስገጠም ተሯሯጠ። ቀጥሎ ቡዲ ኤመንስ፣ አይዛክስ በአንድ ፔዳል የሚስበውን ለሁለት ከፈለው፤ ዛሬ ኤና ቢ የምትያቸው እነሱ ናቸው። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ አንደኛውንና ሁለተኛውን ክር ጨመረ። ላይኛው ክር ከሦስተኛው ይልቅ ወፍራም የሆነበት ምክንያት ይኸው ነው። ባለፈው «ክሩ ተሳስቶ ነው የታሰረው» ብለሽ ልትፈቺው ነበር እኮ!

በይ፣ ብረቱን አንሺ። ቆይ፣ እዚያው ያዢው። ከጎን ሆነሽ ስታይ የፍሬቱ መስመር ላይ ያለ ይመስልሻል፤ ከእኔ ሲታይ ግን ከመስመሩ ወጣ ብሏል። ዓይንሽን ከብረቱ ቀጥታ በላይ አድርጊው። ያ መስመር ሥዕል ነው እንጂ እንደ ተራው ጊታር ክሩን የሚያስርልሽ ፍሬት አይደለም፤ ዓይንሽ ያስጠጋሻል፣ የመጨረሻዋን ፀጉር የምታህል ልዩነት የሚዘጋው ጆሮ ነው። ማሲንቆ ምንም መስመር የለውም፤ አዝማሪው ግን ጣቱን የት እንደሚያሳርፍ ይጠፋዋል? ከብረቱ በስተኋላ ያሉትን ጣቶችሽንም ክሩ ላይ አሳርፊያቸው፤ አሁን በአየር ላይ ስለተንጠለጠሉ ነው ያ ሹክሹክታ የሚሰማሽ። በቀኝ እጅሽም ከመዳፍሽ ጠርዝ፣ በትንሿ ጣት በኩል ባለው፣ ክሩን ዝም አሰኚው፤ መጀመሪያ ዝም፣ ከዚያ ምት። ይህ ሶሎ ባዶ ቦታ ስላለው ያልተዘጋ ክር ሁሉ ያጋልጥሻል።

ቀኝ እግርሽን ተይው አላልኩሽም እንጂ ልል ነበር። በየኖታው ቮልዩም ፔዳሉን እንደ ስፌት መኪና መርገጥ ምን የሚሉት ነው? መሐል ላይ አድርገሽ ምቺ፤ ኖታው እየሞተ ሲሄድ ቀስ ብለሽ ግፊው፣ እኩል እንዲቆይ። ጀማሪ ሁሉ ስሜት የሚወጣው ከዚያ ፔዳል ይመስለዋል። ብረምሊን ግን ስሚው፤ ስሜቱ ያለው ክሩ ወደ ላይ ሲደርስ ነው፣ ከምቱ ላይ ሳያልፍም ሳያጎድልም። ግራ እግርሽን ለዚያ አለማምጂው፦ ክሩን ምቺ፣ ሁለት ቁጠሪ፣ ፔዳሉን ሳታቻኩዪ እስከ መጨረሻው አውርጂው፣ ሁለት ቁጠሪ፣ በዚያው ፍጥነት መልሺው። መልቀቁ ከመርገጡ ይከብዳል። ኤና ቢን አብሮ ለመርገጥ ደግሞ ያን ወፍራም ስኒከር አውልቂ፤ ሶሉ ቀጭን የሆነ ጫማ ካልሆነ ቁርጭምጭሚትሽ ከአንዱ ወደ ሌላው አይገለበጥም።

ቅኝቱን በተመለከተ፣ መቃኛው አረንጓዴ ካላበራ ብለሽ አትጨነቂ። ጂ ሻርፑ ከመቃኛው ትንሽ ዝቅ ሲል ነው ኮርዱ ጣፍጦ የሚሰማው፤ ብዙ ተጫዋች እንዲያ ነው የሚቃኘው። ፔዳል ስትረግጪም ሳጥኑ ራሱ ስለሚታጠፍ ሌላው ክር በጥቂቱ ይወርዳል። መሣሪያው አልተበላሸም፣ ተፈጥሮው ነው።

አንድ ነገር ግን አስቀድሜ ላስጠንቅቅሽ፣ ምክንያቱም አውቅሻለሁ። የትዝታ ሜጀር አምስት ኖታዎች ብዙ የካንትሪ ዜማ የሚቆምባቸው አምስቱ ናቸው። እጅሽ ትንሽ ሲፈታ ሶሎው መሐል የኛን ማወራረድ ልታስገቢበት ይቃጣሻል። ይቃጣሽ፤ እኔም ያንን ቀን እጠብቃለሁ፣ በዚህ መሣሪያ ትዝታ ሲያለቅስ መስማት እፈልጋለሁ። አሁን ግን የሰውየውን እንዳለ አውጪው። እሱ ያልጨመረውን ስትጨምሪ፣ ያን ሁሉ ቦታ ለምን ባዶ እንደተወው ሳይገባሽ ይቀራል።

ሶሎው ሲገባልሽ ደግሞ ብቻሽን አትጫወቺው። ሸክላው ላይ ብረምሊ ከሶሎው ውጭ ምን እንደሚሠራ ስሚ፦ ኦውንስ ሲዘፍን ወደ ኋላ ይላል፣ ኦውንስ ትንፋሽ ሲወስድ ይገባል። ሐና ትዝፈንልሽ፤ ልጅቷ እንደሆነ ማይክ ፈልጋ ነው የምትኖረው። አፏን ስትከፍት ብረቱን አንሺ፣ ስትጨርስ መልሺላት። እሱን ስትሞክሪ ሶሎው ለምን አጭር እንደሆነ ትደርሺበታለሽ።

በይ እንግዲህ፣ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ኖታዎች። አንደኛውን ምቺ… ጠብቂ… አሁን ፔዳሉን። አይ፣ ቸኮልሽ። እንደገና። ሦስተኛውን ማን ጠየቀሽ?